«ሜትፎርሚን ከምውጥ ቤርበሪን ልውሰድ?» ከቨርጂኒያ ለመጣ ጥያቄ የፋርማሲስት ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። 43 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 92 ኪሎ። ኤዋንሲዬ (የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር ልኬቴ) 6.2 ሆኗል። ጉበቴ ላይ ስብ ታይቷል፤ የጉበት ኢንዛይሜም ትንሽ ከፍ ብሏል ተብያለሁ። ለግፊት አምሎዲፒን፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን እወስዳለሁ። ሐኪሜ ለስኳሩ ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም አዘዘልኝ፤ ኬሚካል ማብዛት ፈርቼ ግን አልጀመርኩትም። ጓደኛዬ ቤርበሪን የሚባል ከዕፅ የተሠራ ክኒን፣ የአረንጓዴ ሻይ ካፕሱልና ጋርሲኒያ የሚባል ፍሬ ያለበት «ፋት በርነር» (ስብ ያቃጥላል የሚባል ክኒን) ሰጥታኛለች። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ዱቄትና "ለቦርጭ" የሚባል ምንም ያልተጻፈበት የቅጠላ ቅጠል ድብልቅ ልካልኛለች። ሁሉም የተፈጥሮ ስለሆነ አንድ ላይ ብወስደው ምን አለበት? የትኛውስ ይሻለኛል?»

እንደ ልማዳችን «ዶክተር» ብለውኛል፤ እኔ ግን ፋርማሲስት ነኝ። የሚመረምርዎትና የሚያክምዎት ሐኪምዎ ነው። የእኔ ሥራ ሰው የሚውጣቸው ነገሮች ሆድና ጉበት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጥሩ መናገር ነው፤ ጥያቄዎም በአብዛኛው እሱኑ የሚመለከት ነው።

አጭሩን ላስቀድም። የአረንጓዴ ሻይ ካፕሱሉንና ፋት በርነሩን ጀምረው ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ካልጀመሩም አይጀምሩ። ምንም ያልተጻፈበትን ድብልቅ አይቅመሱት። ቤርበሪኑ ከሁለቱ መድኃኒቶችዎ ጋር ስለሚጋጭ ይቅርብዎ። አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱና ሽፈራው በምግብ መጠን ቢበሉ የሚያሳስበኝ ነገር የለም፤ አብሹ እንዲያውም ትንሽ ያግዝዎታል። የፈሩትን ሜትፎርሚን ግን ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

ከእሱ ልጀምር፤ «ኬሚካል» ያሉት ነገር ዘሩ ከዕፅ ነውና። ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የሚባል በአውሮፓ የሚበቅል ተክል አለ። ድሮ ጥሙ ለማይቆርጥና ሽንት ለሚያበዛ ሰው ይሰጥ ነበር ይባላል። በውስጡ ያለው ጋሌጂን የተባለ ንጥረ ነገር የደም ስኳር ያወርዳል፤ ግን መርዝነት አለው፣ ተክሉን አብዝቶ የጋጠ በግ ይሞታል። ኬሚስቶች የዚህን ንጥረ ነገር ዘመዶች እየሠሩ ሲፈትሹ ኖረው በመጨረሻ ሜትፎርሚን ላይ ደረሱ። ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በስኳር ሕሙማን ላይ ሞክሮ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተመ፤ አሜሪካ ግን ለገበያ የበቃው ገና በ1995 ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 1994 ላይ፣ እዚያው አሜሪካ የሰፕልመንት፣ ማለትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የዕፅና የቫይታሚን ክኒኖች፣ ሕግ ጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት ሰፕልመንት የሚሠራ ኩባንያ ምርቱን ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራም ሆነ እንደማይጎዳ ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) አስመስክሮ ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅበትም። ኤፍዲኤ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። እንግዲህ ከፊትዎ ያሉት ሜትፎርሚንም ቤርበሪንም ዘራቸው ከዕፅ ነው። አንደኛው መርዙ ከሚጠቅመው ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ለአሥርተ ዓመታት በሚሊዮኖች ላይ ታይቶ የመጣ ነው። ሌላው ያንን ፈተና አልተቀመጠም።

ቤርበሪን ከ2023 ወዲህ ቲክቶክ ላይ «የተፈጥሮ ኦዜምፒክ» እየተባለ ስሙ ገነነ። ጨርሶ ውሸት ቢሆን ኖሮ መልሱ ይቀልልኝ ነበር፤ ነገር ግን የደም ስኳርን በእርግጥ ይቀንሳል። በ2008 በቻይና የታተመ አንድ ጥናት አዲስ ስኳር የተገኘባቸውን 36 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቡድን ቤርበሪን፣ ለሌላው ሜትፎርሚን ሰጠ፤ ሁለቱም 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ። ቤርበሪን የወሰዱት ሰዎች ኤዋንሲ በ3 ወር ውስጥ ከ9.5 ወደ 7.5 ወረደ፤ ከሜትፎርሚኑ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ነው። ግን 36 ሰው፣ 3 ወር! ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም አብዛኞቹ ትናንሽና አጫጭር ናቸው። ክብደት ላይ ደግሞ የሚታየው ለውጥ ወደ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ግን፣ ዊጎቪ በሚል ስም ለውፍረት ሲሰጥ፣ በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ በእርስዎ ክብደት ሲሰላ 14 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የነጋዴ ድፍረት ነው።

በእርስዎ ላይ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ጉበትና አንጀት ውስጥ ሲዋይፒ 3ኤ4 የሚባል፣ መድኃኒት እያፈረሰ ከሰውነት የሚያስወጣ ኢንዛይም አለ። ቤርበሪን ይህን ኢንዛይም ያዳክማል። አምሎዲፒንም አቶርቫስታቲንም የሚፈርሱት በዚሁ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሲዳከም የዋጡት ክኒን ያው ሆኖ ደምዎ ውስጥ የሚጠራቀመው መድኃኒት ይጨምራል። አምሎዲፒን ሲበዛ እግር ያብጣል፣ ግፊት ወርዶ ራስ ያዞራል። አቶርቫስታቲን ሲበዛ ጡንቻ ያማል፤ አልፎ አልፎም ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊት ላይ ጉዳት ያደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙ ጋ ሲሄድ ስለ ቤርበሪኑ አይናገርም፤ «መድኃኒት አይደለም» ብሎ ስለሚያስብ። ሐኪሙም አቶርቫስታቲኑን ይጠረጥርና ያቆምበታል። የሚያስፈልገው ቆሞ የማያስፈልገው ይቀጥላል ማለት ነው። እርግዝና የሚታሰብ ከሆነ ወይም ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ቤርበሪን ጨርሶ ክልክል ነው፤ የአራስ ልጅ ቢጫነት ወደ አንጎል እንዲሻገር ሊያደርግ ይችላል።

የአረንጓዴ ሻዩን ነገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ሻይ እንዴት ጉበት ይጎዳል? በሲኒ የሚጠጣው አይጎዳም፤ ይጠጡት። ጉዳዩ ያለው ኢጂሲጂ የተባለው የሻይ ቅጠል ንጥረ ነገር ተጨምቆ፣ ተጠናክሮ ካፕሱል ውስጥ ሲገባ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስቀመጠው አረንጓዴ ሻይ አፍልተው የሚጠጡ ሰዎች በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ኢጂሲጂ ያገኛሉ። በሰፕልመንት መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ግን የጉበት ኢንዛይም ከፍ እያለ ተገኘ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 በሕግ ከ800 በታች እንዲሆን ወሰነ። በዘር የሚወረስ አንድ ምልክት ያላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጉዳቱ እንደሚበረታ ታውቋል፤ ያ ምልክት ይኑርዎት አይኑርዎት ቀድመው የሚያውቁበት ተራ ምርመራ የለም።

እዚህ ላይ በተለይ ለጿሚዎች የምለው አለ። ይህ ንጥረ ነገር በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ይጨምራል። ጠዋት ካፕሱሉን በውሃ ውጦ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚውል ሰው ጉበቱን በማይገባው ሰዓት እየፈተነው ነው። እርስዎ ደግሞ ጉበትዎ ላይ ስብ አለ፣ ኢንዛይሙም ገና ሳይጀምሩ ከፍ ብሏል። በዚያ ላይ ትርፉስ? ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ የአረንጓዴ ሻይ ምርቶች የሚቀንሱት ክብደት ሚዛን ላይ ብዙም የሚታይ አይደለም።

ጋርሲኒያን በአንድ ጥናት ልለፈው። በ1998 በታተመው ጥናት 135 ወፍራም ሰዎች ለ12 ሳምንት ግማሾቹ የጋርሲኒያውን ንጥረ ነገር፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ዋጡ፤ ሁሉም አመጋገባቸውን አስተካከሉ። ጋርሲኒያ የዋጡት 3.2 ኪሎ ቀነሱ። ባዶውን የዋጡት 4.1። በሳይንስ ቋንቋ ልዩነት የለም ይባላል፤ በእኔ ቋንቋ ገንዘቡ ባክኗል። በ2009 ደግሞ ኤፍዲኤ ሃይድሮክሲከት የተባሉትን፣ ጋርሲኒያ ያለባቸውም የነበሩባቸውን የክብደት መቀነሻ ምርቶች ሰዎች እንዳይጠቀሙ አስጠነቀቀ፤ 23 ከባድ የጉበት ጉዳት ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር፣ አንድ ወጣትም ሞቷል።

ፋት በርነር በሚባሉት ምርቶች ላይ ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ ውስጡ ያለው አይደለም። ኤፍዲኤ ከ2007 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ያልተጻፈ መድኃኒት ተደባልቆባቸው ያገኛቸው ሰፕልመንቶች ተቆጥረው 776 ሆነዋል፤ ከእነዚህ 317ቱ የክብደት መቀነሻ ናቸው። አብዛኞቹ ውስጥ የተገኘው ሲቡትራሚን ነው። ይህ መድኃኒት በፊት በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የነበረ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያበዛ ታውቆ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። ግፊትም ይጨምራል፤ እርስዎ ደግሞ ግፊት አለብዎት። ስለዚህ «የዕፅ ብቻ ነው» የተባለ ክኒን በሳምንት ውስጥ ምግብ ከዘጋዎት፣ አፍ ካደረቀ፣ ልብ ካስመታ፣ እንቅልፍ ከነሳ፣ «ወይ ጉድ፣ እንዴት ይሠራል!» ከማለት በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ይጠርጥሩ። ዕፅ እንዲያ አይቸኩልም።

ምንም ያልተጻፈበት ድብልቅ ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ከእናት እጅ ስለመጣ ብቻ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ይገባኛል። እናትዎ ግን ራሳቸው የገዙት ከሌላ ሰው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ወደ አንድ ክሊኒክ ይሄዱ የነበሩ ሴቶች የቻይና ዕፅ ያለበት ካፕሱል ይሰጣቸው ነበር። ስቴፋኒያ የተባለው ሥር መግባት ሲገባው ስሙና መልኩ የሚቀራረብ አሪስቶሎኪያ የተባለ ሥር ገባበት። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ዲያሊስስና ንቅለ ተከላ ላይ ወደቁ፤ ከዓመታት በኋላም የሽንት ቧንቧ ካንሰር የወጣባቸው ነበሩ። ይህ የሆነው ሐኪም ባለበት፣ ሕግ ባለበት ከተማ ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ፣ በ2023፣ አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት የሚሸጥ «ቴሆኮቴ ሥር» የሚባል የክብደት መቀነሻ ሲመረመር ከ10 ናሙና 9ኙ ልብን የሚያቆም መርዝ ያለበት ቢጫ ኦሊያንደር ሆኖ ተገኘ። ደርቆ የተፈጨ ቅጠል ወይም ሥር በዓይን አይለይም፤ ለእኔም፣ ለእናትዎም፣ ለሸጠውም ሰው።

«የቦርጭ ሻይ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ሰናመኪ አለ። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ የበሉት ስብና ስኳር ግን እዚያ ሳይደርስ ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ አልቋል። ሆድ ሲያስቀምጥ ሚዛን ላይ የሚጎድለው ውሃ ነው፤ አብሮት ፖታሲየምም ይሄዳል። ከሁለት ቀን በኋላ ኪሎው ይመለሳል፤ ሰውየውም እንደገና ያፈላል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ከተላከልዎ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው አብሽ ነው። የተፈጨ አብሽ ዘፍዝፎ፣ መራራ ውሃውን ደፍቶ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ የመታ ሰው ምን ዓይነት እንደሚያዝለገልግ ያውቃል። ያ የሚያዝለገልገው ጋላክቶማናን የተባለ ፋይበር ነው። ሆድ ውስጥም እንደዚያው ይሆናል፤ ምግቡ ከጨጓራ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ስኳሩም ወደ ደም ቀስ ብሎ ይገባል። በጥናቶች ላይ ስኳር ሲወርድ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በቀን 10 ግራም አካባቢና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ። አሜሪካ የሚሸጠው የአብሽ ካፕሱል ግን አንዱ ከ500 እስከ 600 ሚሊግራም ነው፤ 10 ግራም ለማግኘት ከ17 እስከ 20 ካፕሱል መዋጥ ሊኖርብዎ ነው። የእናትዎ አብሽ ከካፕሱሉ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው፣ ለአገር ልጅነት አይደለም።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ማር። እኛ ዘንድ አብሽ ለአራስና ሰውነቱ ለተጎዳ ሰው የሚሰጠው በማር ወይም በስኳር ታሽቶ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 34 ግራም ስኳር አለው፤ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ ይሆናል። በውሃ ብቻ ወይም ሎሚ ጨምቀው ይጠጡት። ሁለተኛ፣ የሚያዝለገልግ ነገር መድኃኒትንም ይይዛል፤ ክኒንዎንና አብሹን ቢያንስ በ2 ሰዓት ያራርቁ። ሽንብራ ወይም ኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ዋርፋሪን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዚህ መጠን አይውሰደው። ላብዎ አብሽ አብሽ ቢሸት አይደንግጡ፤ ጉዳት የለውም፣ የሥራ ባልደረቦችዎ የፓንኬክ ሽሮፕ ይመስላቸዋል። ክብደት ግን አብሽ ብቻውን አይቀንስም።

ጥቁር አዝሙድ በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ለሁለት ሦስት ወር በተሰጠባቸው ትናንሽ ጥናቶች ወደ 2 ኪሎ የሚሆን ለውጥና ጥቂት የስኳር መቀነስ ታይቷል። ግፊትም ትንሽ ያወርዳል፤ ከአምሎዲፒን ጋር ዘይቱን በማንኪያ መጠጣት አልመክርም። ዳቦ ላይና በርበሬ ውስጥ ይሁን። ሽፈራው ደግሞ ኮንሶዎች ከኩርኩፋ ጋር እንደ ጎመን የሚበሉት ጥሩ ቅጠል ነው፤ እርስዎም እንደ ጎመን ያስቡት። ቦርጭ ያጠፋል የሚለው ወሬ በሰው ላይ የተረጋገጠ አይደለም። ቅጠሉን እንጂ ሥሩንና ልጡን አይጠቀሙ።

ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር፦ ተልባ። የተፈጨ ተልባ በቀን 30 ግራም ያህል ለጥቂት ወራት የወሰዱ ሰዎች በአማካይ 1 ኪሎ ገደማ ቀንሰዋል። ትንሽ ነው፤ ግን ጉበት አይነካም፣ ኮሌስትሮልንም ይረዳል፣ ሆድንም ያለሰልሳል። ፋርማሲ የሚሸጠው ሲሊየም የተባለው ፋይበር ኮሌስትሮል ላይ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አለው። ሁለቱንም በብዙ ውሃ ይውሰዱ፤ በጥቂት ውሃ የተዋጠ ፋይበር ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል።

ወደ ሜትፎርሚኑ ልመለስ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ እንደ እርስዎ ስኳር አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ያገኘው ይህ ነው፦ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመደቡት ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ጉበት ላይ ያለው ስብም መሟሸሽ የሚጀምረው ከ5 በመቶ ጀምሮ ነው። ከእራት ጋር በ500 ይጀምሩ፤ ሆድ ከረበሸዎት ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም። አንድ ነገር ግን ለጿሚ ሰው ወሳኝ ነው፦ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል፤ ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው። ዓመቱን ግማሽ የሚጾም ሰው በሁለት በኩል ያጣል። ስለዚህ በየዓመቱ ቢ12ዎን ያስለኩ።

የክብደትዎ ልኬት ከቁመትዎ ጋር ሲሰላ (ቢኤምአይ የሚባለው) 34.6 ነው፤ ግፊትም ስላለብዎት ስለ ሴማግሉታይድና ስለ መሰሎቹ ሐኪምዎን መጠየቅ ይችላሉ፤ ኢንሹራንስዎ ይሸፍን አይሸፍን ያጣሩ። ለቤርበሪን፣ ለሻይ ካፕሱልና ለፋት በርነር በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ ተደምሮ ቀላል አይደለም።

ካፕሱሎቹን ጀምረው ከነበረ ለሐኪምዎ ይደውሉና የጉበት ምርመራው ይደገምልዎ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ሰውነትዎ ካሳከከ ወይም በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ካመመዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጠርሙሶቹን አይጣሉ፤ ይዘዋቸው ይሂዱ።

ለእናትዎ ድብልቁን ጣልኩት ብለው አያሳዝኗቸው፤ ፋርማሲስት ከለከለኝ ይበሉ፣ እውነትም ነው። በሚቀጥለው ሰው ሲመጣ አብሹንና ተልባውን ሳይፈጩ በፍሬው ይላኩልዎ፤ ፍሬ ሲሆን ሌላ ነገር ቢቀላቀልበት በዓይን ይታያል። እዚያው ቤትዎ ቆልተው ይፍጩት፤ የተፈጨውንም ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ተልባ ቶሎ ይበላሻል።